አስተዋጽኦ ይቅደም ወይስ ብዕር? የመጀመሪያ ረቂቅ መጻፊያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ለዓመታት ያልተስማማንበት ነገር አለ። እርሷ አንዲት ዐረፍተ ነገር ከመጻፏ በፊት ሦስት ገጽ የሚሞላ አስተዋጽኦ ትነድፋለች፤ ዋና ሐሳብ፣ ንዑስ ሐሳብ፣ የንዑሱም ንዑስ። እኔ ከባዶ ገጽ እነሣና የመጣልኝን እየጻፍኩ መንገዱን እዚያው እፈልጋለሁ። እርሷ የእኔን አሠራር ጭፍን ድፍረት ትለዋለች፤ እኔም የእርሷን ፍርሃት እለዋለሁ። የሚገርመው ግን ሁለታችንም ጽሑፋችንን የምናስረክበው በአንድ ቀን መሆኑ ነው፤ ብዙ ጊዜም እኩል ዘግይተን።

ክርክራችንን ማንም አልፈታልንም። እኔ ግን ቀስ በቀስ የገባኝ፣ ጥያቄው ከሥሩ የተጣመመ መሆኑ ነው። «ዕቅድ የምትወድ ሰው ነህ ወይስ የማትወድ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ጸሐፊው ጠባይ እንጂ ስለሚጻፈው ነገር አይጠይቅም። ያው ሰው የዓመቱን የሥራ ሪፖርትና ለሟች ወዳጁ የሚጽፈውን የመታሰቢያ ቃል በአንድ መንገድ ቢጀምር ከሁለቱ አንዱ መበላሸቱ አይቀርም። መጠየቅ ያለበት «ስለዚህ ጽሑፍ እስካሁን ያላወቅሁት ምኑን ነው?» ተብሎ ነው። መረጃው ነው የጎደለኝ? ቅደም ተከተሉ ነው የጠፋኝ? ወይስ በጉዳዩ ላይ ምን እንደማስብ ራሱ ገና አልለየልኝም? ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው መንገዶች አንዱን አለማወቅ ያክማሉ፣ ሌላውን ያባብሳሉ።

መረጃ የጎደለውን ሰው አስቀድሜ ልሸኘው፣ መልሱ አጭር ነውና። ምንም ዓይነት የአጻጻፍ ዘዴ አያድነውም፤ ሄዶ ይጠይቅ፣ ያንብብ፣ ይቁጠር። የጎደለው አንድ ዓመት ወይም አንድ ስም ብቻ ከሆነ ግን ለእርሱ ሲል ብዕሩን ማስቀመጥ የለበትም። «[ዓመቱ ይጣራ]» ብሎ በቅንፍ ይለፈው። ቅንፉ ከጽሑፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን፤ በኋላ በኮምፒውተር ሲፈለግ አንዱም እንዳያመልጥ።

ሙሉ አስተዋጽኦ፦ መደርደሪያና ዕቃ

ስለ ቀጠሮ ማርፈድ ጻፉ ብንባል አብዛኞቻችን ሳናስበው ከእጃችን የሚወጣው አስተዋጽኦ ይህ ነው፦ የማርፈድ ትርጉም፣ የማርፈድ መንስኤዎች፣ የማርፈድ ጉዳቶች፣ መፍትሔዎች። ንጹሕ ነው፣ የተደረደረ ነው፣ ምንም አይልም። «ማርፈድ» የሚለውን ቃል አውጥተን «ስርቆት» ወይም «የጥርስ ሕመም» ብንተካበት ያለ ምንም ማስተካከያ ያገለግላል። ይህ ባዶ መደርደሪያ ነው፤ ዕቃው ገና አልመጣም። እንዲህ ያለውን አስተዋጽኦ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ባዶውን ገጽ ሲያይ ቢቆይ ሊደነቅ አይገባም፤ ያቀደ መሰለው እንጂ አላቀደም።

በሙሉ ዐረፍተ ነገር የተነደፈው ግን ሌላ ነው። አርፋጅ ሰው ጊዜ ያጠረው ሳይሆን መንገዱን ምንጊዜም እንቅፋት እንደሌለበት አድርጎ የሚያሰላ ነው። ስለዚህ «ቀደም ብለህ ተነሥ» ቢሉት አይጠቅመውም፤ የተረፈችውን ግማሽ ሰዓት በሌላ ሥራ ይሞላታል። የሚጠቅመው የመድረሻውን ሰዓት ትቶ የመነሻውን ሰዓት መጻፍ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው አስተዋጽኦው። ሦስት መስመር ብቻ ቢሆንም እያንዳንዱ መስመር የሚከራከሩበት ሐሳብ ይዟል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ተወልዷል። እኔ አስተዋጽኦ የምፈትንበት መንገድ ቀላል ነው፦ በነጥቦቹ መካከል «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» እንዲገባ እሞክራለሁ። ከ«እንዲሁም» በስተቀር የሚገባ ከሌለ ያለኝ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝር ደግሞ ከየትም ተጀምሮ የትም ሊቆም ይችላል።

የሙሉ አስተዋጽኦ ትልቁ ጥቅም ስሕተትን ርካሽ ማድረጉ ነው። አንዲት መስመር ከአራተኛ ወደ አንደኛ ቦታ ማዛወር የደቂቃ ሥራ ነው፤ አራት ገጽ ማዛወር ግን ግማሽ ቀን ይበላል፣ ያውም ገጾቹ ከአዲሱ ጎረቤታቸው ጋር ተስማምተው ከኖሩ። ስለዚህ የሚጻፈው ነገር ረጅም በሆነ መጠን፣ የሚጽፉትም ሰዎች በበዙ መጠን የአስተዋጽኦ ዋጋ ይጨምራል። ሁለት ሰዎች የሚጋሩት ሪፖርት፣ የመመረቂያ ጥናት፣ የፕሮጀክት ሐሳብ፣ አንባቢ የሚፈልገውን ብቻ ፈልጎ የሚያነብበው መመሪያ፤ እነዚህን ያለ አስተዋጽኦ የሚጀምር ሰው ሲያዩት ጀግና ይመስላል፣ በኋላ ግን ሁለት ጊዜ ይጽፋቸዋል።

ጉዳቱም አለ፤ እኔም ቀምሼዋለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ድርጅት አርባ ገጽ ያህል የሥልጠና መመሪያ እንድጽፍ ተጠየቅሁ። አስተዋጽኦዬ በስብሰባ ላይ ቀረበ፣ ተመሰገነ፣ ጸደቀ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ስድስት ነጥብ ከተዘረዘረለት ጉዳይ ሁለት አንቀጽ ብቻ ወጣ። «ጥንቃቄዎች» ተብሎ በአንዲት መስመር የታለፈው ደግሞ አሥራ አንድ ገጽ ፈጀ። የጸደቀውን ላለመንካት ብዬ ሁለቱን አንቀጽ በውኃ አበዛሁ፣ አሥራ አንዱን ገጽ ጨመቅሁ። ያነበቡት ሰዎች ሦስተኛው ምዕራፍ አሰልቺ፣ ጥንቃቄው ደግሞ የተቻኮለ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አስተዋጽኦው ሲነደፍ ገምቼ ነበር፤ ስጽፍ ግን ዐወቅሁ፤ ግምቴ ዕውቀቴን እንዲገዛው መፍቀዴ ነው ጥፋቱ።

እጅን ለቅቆ መጻፍ

የዚህ መንገድ ወዳጆች ሁልጊዜ የሚጠሩት ምስክር አሜሪካዊው ጃክ ኬሩዋክ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1951 ወረቀቶችን እርስ በርስ አጣብቆ 36 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጥቅል አዘጋጀ፤ የጽሕፈት መኪናው ላይ ገጽ ለመቀየር ሳይቆም በሦስት ሳምንት ውስጥ ስለ ጉዞው የሚተርክ አንድ ልቦለድ ጻፈ። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። ከዚያ በፊት ለዓመታት ስለዚያው ጉዞ ማስታወሻ ደብተር ሲሞላ፣ ሲጀምርና ሲተው ኖሯል። ከዚያም በኋላ ጽሑፉ ሲታረም ቆይቶ የታተመው በ1957 ነው። በፊት የዓመታት ዝግጅት፣ በኋላ የስድስት ዓመት ጥበቃና እርማት አለ፤ ሰው የሚያወራው ግን ስለ መካከሏ ሦስት ሳምንት ነው። ይህን የምለው ኬሩዋክን ላሳንስ ፈልጌ አይደለም። «እርሱ እንዲሁ ተቀምጦ ጻፈ» እያሉ ምንም ሳይሰበስቡ የሚቀመጡትን ሰዎች ስለማውቅ ነው፤ አንዱ እኔ ነበርኩ።

እጅን ለቅቆ መጻፍ የሚያሸንፈው ሦስተኛውን አለማወቅ ነው፤ ማለትም ምን እንደማስብ ራሴ ሳላውቅ ስቀር። የመታሰቢያ ቃል፣ የግል ትዝታ፣ ከልብ ያልለየለት አስተያየት፣ ገጸ ባሕርይዋ ገና ስሟን እንጂ ጠባይዋን ያላሳየችበት አጭር ልቦለድ በዚህ በኩል ይመደባሉ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሊታቀድ አይችልም፤ የሚታቀደው ነገር ገና አልተገኘምና። አሠራሩ ቀላል ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ በሰዓት ይያዝ፤ እስኪያልቅ ድረስ መሰረዝ፣ ወደ ላይ መመለስ፣ ቃል መምረጥ ክልክል ነው። የሚጻፍ ሲጠፋ «የሚጻፍ ጠፋኝ፣ ምክንያቱም…» ብሎ መቀጠል ይቻላል። ከ«ምክንያቱም» በኋላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጠቃሚው ነገር ነው።

በዚህ መንገድ የተጻፈን ረቂቅ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ሰላምታ ናቸው። ጸሐፊው ከርእሱ ጋር እንዴት ነህ፣ እንዴት ሰነበትህ ይባባላል፤ የመጣበት ጉዳይ የሚነገረው ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ አንዳንዴም በመጨረሻው አንቀጽ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ዋጋው ነው። ሰላምታውን በኋላ መቁረጥ ይቻላል፤ ሰላም ሳይባባሉ ወደ ጉዳዩ መግባት ግን ለብዙዎቻችን አይሆንልንም።

ዋጋው እንደ ርዝመቱ ይለያያል። ለአንድ ሺህ ቃል ጽሑፍ ሁለት ሺህ ቃል መጣል የአንድ ከሰዓት በኋላ ኪሳራ ነው። ለመጽሐፍ ግን ጉዳዩ ከባድ ነው፤ ስድሳ ገጽ ጽፌ ሃያውን ብቻ ያስቀረሁበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። ከመጣሉ የባሰው ደግሞ አለመጣሉ ነው። ሰው የደከመበትን ገጽ ይወዳል፤ ስለወደደውም ቦታ ሊፈልግለት ይነሣል፣ መጨረሻ ላይ ጽሑፉ በሙሉ ለዚያ ገጽ አገልጋይ ይሆናል።

ሁለቱን ያስታረቀልኝ መንገድ

የተገላቢጦሽ አስተዋጽኦ ልበለው፦ መጀመሪያ መጻፍ፣ ከዚያ ከተጻፈው ላይ አስተዋጽኦውን ማውጣት። እጄን ለቅቄ የጻፍኩትን ረቂቅ አትሜ፣ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ትይዩ ኅዳጉ ላይ፣ ማለትም በገጹ ባዶ ጠርዝ፣ አንቀጹ የሚለውን በአንዲት ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ስለምን እንደሚያወራ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ምን እንደሚል ነው የሚጻፈው። «ስለ እናቴ» አይበቃም፤ «እናቴ የምትቆጣው ስትፈራ ነበር» ያስኬዳል። ከዚያ ረቂቁን ሸፍኜ ኅዳጉን ብቻ ከላይ ወደ ታች አነባለሁ።

በዚህ ጊዜ የሚታየው አንዳንዴ ያሳፍራል። በቅርቡ አሥራ አራት አንቀጽ ከነበረው ጽሑፌ ውስጥ ሦስቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ወጣቸው፤ ቃላቸው ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነበር። ለሁለት አንቀጾች ደግሞ ምንም ልጽፍላቸው አልቻልኩም፤ ሲነበቡ ያምራሉ፣ ሲጠየቁ መልስ የላቸውም። ከሁሉ የጠነከረችው ዐረፍተ ነገር አሥራ ሦስተኛው አንቀጽ ትይዩ ተቀምጣ ነበር። እርሷን አንደኛ አድርጌ አዲስ አስተዋጽኦ ነደፍኩ፤ ስድስት መስመር ብቻ ወጣው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። አዲሱ አስተዋጽኦ ከተገኘ በኋላ የድሮውን ረቂቅ አንቀጾች እየቆረጡ መለጠፍ ያጓጓል። አያዋጣም። አንቀጽ ከጎረቤቱ ጋር በብዙ ጥቃቅን ክሮች የተሰፋ ነው፤ «ከላይ እንደጠቀስነው» የሚለው ሐረግ አንቀጹ ራሱ ወደ ላይ ሲወጣ ከላዩ ምንም የሌለው ሆኖ ይቀራል። «ይህም» የሚለው ቃል የሚያመለክተውን አጥቶ ይንከራተታል። አዲስ ሰነድ ይከፈት፤ የድሮው ከጎን ይቀመጥ፤ ጥሩ የሆኑት ዐረፍተ ነገሮች በእጅ እንደገና ይጻፉ። እንደገና ለመጻፍ ያልከበደን ዐረፍተ ነገር መቆየት የሚገባው ነው።

ካርድና ድምፅ

እነዚህ ሁለቱ ለሁሉም አይደሉም፤ ለሚሆኑት ግን ይሆናሉ።

ካርድ የሚጠቅመው ዕቃው ሁሉ ተሰብስቦ ቅደም ተከተሉ ብቻ ለጠፋበት ሰው ነው። በአንድ ካርድ ላይ አንድ ትዕይንት፣ አንድ ማስረጃ ወይም አንድ ሐሳብ ብቻ ይጻፋል፤ ከዚያ ወለል ላይ ተዘርግተው እስኪስማሙ ድረስ ይፈራረቃሉ። ቭላድሚር ናቦኮቭ ልቦለዶቹን በዚህ መንገድ ይጽፍ ነበር፤ ካርዶቹንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተርታ ሳይሆን ከወደደው ቦታ እየተነሣ ይሞላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሞት ያልጨረሰውን ልቦለድ በ138 ካርዶች ላይ ትቶ ሄደ። በ2009 ሲታተም አዘጋጆቹ ካርዶቹን አንባቢው ገንጥሎ እንደፈለገ ሊያፈራርቃቸው በሚችል መልክ አወጧቸው። የካርድን ብርታትም ድካምም ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም፦ ቅደም ተከተሉ እስከ መጨረሻው ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ጸሐፊው ካልዘጋው ግን ማንም አይዘጋለትም። እኔ ለካርድ ቀነ ገደብ እሰጠዋለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ማታ ቁጥር ይጻፍባቸዋል።

ድምፅ ቀድቶ ወደ ጽሑፍ መለወጥ አሁን በስልክ ስለሚቻል ብዙዎች እየሞከሩት ነው። መናገር ከመጻፍ በብዙ ይፈጥናል፤ ሲናገሩ ርቱዕ ሆነው ብዕር ሲይዙ ለሚተሳሰሩ ሰዎች እውነተኛ መፍትሔ ነው። ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1866 ከአሳታሚው ጋር የገባው ቀን ሊያልፍበት ሲል አንድ አጭር ልቦለድ ንግግርን በምልክት ፈጥና ለምትጽፍ የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ በቃል እየነገረ በ26 ቀን ጨርሷል። (ባለሙያዋን በኋላ አገባት፤ ይህን ዘዴው ሁልጊዜ የሚሰጠው ውጤት አድርጎ መውሰድ ግን አያስፈልግም።) የማይወራው ደግሞ ሌሊት ሌሊት ይዘጋጅ፣ ይጽፍም እንደነበረ ነው፤ ቀን የሚናገረው ሌሊት ያሰናዳውን ነበር። ሳይዘጋጅ የሚናገር ሰው ረቂቅ ሳይሆን ወሬ ይቀዳል።

በአማርኛ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ማሰሪያ አንቀጻችን፣ ማለትም ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ፣ የሚመጣው መጨረሻ ላይ በመሆኑ፣ ስንናገር «ሄጄ፣ አይቼ፣ ጠይቄ፣ ተመልሼ…» እያልን ሳናስር ግማሽ ገጽ መሄድ እንችላለን። ሰሚ በድምፃችን መውጣትና መውረድ ይከተለናል፤ አንባቢ ግን አይከተልም። ስለዚህ የተቀዳውን ወደ ጽሑፍ የሚመልስ ሰው የመጀመሪያ ሥራው አራት ነጥብ መፈለግ ነው። በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንድ አራት ነጥብ ብቻ ካገኘ ሰንሰለቱን ቢያንስ በሦስት ቦታ ይበጥሰው።

እያረሙ መሄድ ወይስ ሳያዩ መጨረስ

መንገዱ ከተመረጠ በኋላ ይህ ሁለተኛ ምርጫ ይመጣል፤ ምክር ሰጪዎችም እዚህ ላይ ከመጠን በላይ ይተማመናሉ። «ረቂቅን አታርም፣ ዝም ብለህ ጨርስ» ይላሉ። ምክንያታቸው ጥሩ ነው፦ ዛሬ ሦስት ሰዓት ፈጅቶ የተሞረደ አንቀጽ ነገ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፤ ካልወጣም የሚቀረው ስላማረ እንጂ ስላስፈለገ አይሆንም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሃያ ጊዜ ጽፈው ሁለተኛውን ያልጀመሩ ሰዎችን ቁጥር እግዚአብሔር ይወቀው።

ቢሆንም ሕጉን እንዳለ አልቀበለውም። አንዳንድ ሰው ያለፈችው ዐረፍተ ነገር ካልተስተካከለች የምትከተለዋ አትሰማውም፤ በተለይ ግጥምና አጭር ጽሑፍ ላይ እንዲህ ነው። የሁለት ገጽ ጽሑፍ እያረሙ ቢጽፉት ምንም አይጎዳም። ከአሥር ገጽ በላይ ሲሆን ግን እኔ የምከተለው መሐል መንገድ አለ፦ በየቀኑ ስጀምር የትናንቱን የመጨረሻ አንድ ገጽ ብቻ አርማለሁ፤ ከዚያ በላይ መውጣት ክልክል ነው። ገጹን ማረሜ ወደ ድምፁ ይመልሰኛል፤ ክልከላው ደግሞ ወደፊት ይገፋኛል። አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ የዕለቱን ሥራ የሚያቆመው የሚቀጥለውን እያወቀ ነበር፤ ይህም ከዚህ ጋር ጥሩ ይጣመራል። ነገ የምትጻፈው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ዛሬ በጭንቅላት ውስጥ ካደረች ማለዳው አያስፈራም።

በቃል ብዛት ወይስ በሰዓት ይለካ ለሚለው፣ እንግሊዛዊው ደራሲ አንተኒ ትሮሎፕ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ከራሱ ይጠብቅ ነበር፤ ያውም ወደ ፖስታ ቤት ሥራው ከመሄዱ በፊት ማለዳ ተነሥቶ። ይህን ቁጥር እንዳለ ለመውሰድ የሚፈልግ የአማርኛ ጸሐፊ ግን ቋንቋችን በቃል ስስታም መሆኑን ያስታውስ። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አራት ወይም አምስት ይወጣዋል። ስለዚህ የእርሱ 250 የእኛ 250 አይደለም። እጅን ለቅቆ ለሚጽፍ ሰዓት ይሻለዋል፤ አስተዋጽኦ ይዞ ለሚጽፍ ደግሞ ቃልና ሰዓት ሁለቱንም ትቶ «ዛሬ ሁለት ነጥብ» ቢል ይቀልለዋል።

እርሳስ ወይስ ኮምፒውተር? በየትኛው ነው ያለ ድካም የሚጽፉት? በዚያ ይጻፉ። ብቸኛው ማሳሰቢያዬ የኮምፒውተር ጽሑፍ ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሮ የታተመ መስሎ መታየቱ ነው፤ ያልበሰለውን የበሰለ ያስመስላል።

የተመረጠው መንገድ ሳይሠራ ሲቀር

አስተዋጽኦ ነድፎ ሦስት ቀን ሙሉ ከእርሱ ጋር ሲታገል ምንም ያልጻፈ ሰው ብዙ ጊዜ የጎደለው ትጋት አይደለም፤ ካቀዳቸው ነጥቦች አንዱን አያምንበትም። ያችን ነጥብ ለይቶ ሃያ አምስት ደቂቃ እጁን ለቅቆ ስለ እርሷ ብቻ ይጻፍ። እጁን ለቅቆ ሲጽፍ በሦስተኛው ቀን ያው ሐሳብ እየተመላለሰ የሚመጣበት ሰው ደግሞ ሊያገኝ የሚችለውን አግኝቷል፤ ቆሞ ኅዳጉን ይሙላ። ካርዶቹን ለአምስተኛ ጊዜ የሚያፈራርቅ ሰው የሚፈራው መጻፍን ነው፤ ማንኛዋንም ካርድ አንሥቶ ይጀምር።

ባልደረባዬ በቅርቡ የሥራ አስተዋጽኦዋን እንዳይላት ላከችልኝ። እንደ ልማዷ በቁጥርና በፊደል ተደርድሯል። አራተኛው ነጥብ ላይ ግን እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «እዚህ ምን እንደምል አላውቅም። ጽፌ ልየውና እመለሳለሁ።» እኔም በዚያው ሳምንት ከረቂቄ ኅዳግ ያወጣኋቸውን ስድስት መስመሮች ላክሁላት። ሁለታችንም ጽሑፋችንን ያስረከብነው በአንድ ቀን ነው፤ ሁለት ቀን ዘግይተን።